ሪጅል፦ ብርሃኑ ስለማይረጋው ሰማያዊ ኮከብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰማይ ማየት የጀመረ ሰው ስለ ሪጅል የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ትናንት ማታ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀለሙን ሲቀያይር አየሁት፤ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። መልሱ ጠያቂውን ያስገርመዋል። ያየው መንቀጥቀጥ የኮከቡ አይደለም። ኮከቡ ግን በእርግጥም ብርሃኑን ይለዋውጣል፤ ያንን ለውጥ ደግሞ ጠያቂው አላየውም። ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች ስጽፍ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እነዚህን ሁለት ነገሮች መለየት ነው።

ሪጅልን ሰማይ ላይ እንዴት አገኘዋለሁ?

መጀመሪያ ኦሪዮንን ይፈልጉ። በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተነሣው ይህ ኅብረ ከዋክብት በአንድ መስመር ተጠጋግተው በተደረደሩ ሦስት ከዋክብት በቀላሉ ይለያል፤ የኦሪዮን ቀበቶ ይባላሉ። ከቀበቶው በአንዱ ወገን ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ ያያሉ፤ እሱ ቤቴልጁስ ነው። በተቃራኒው ወገን፣ ከቀበቶው ተመሳሳይ በሆነ ርቀት ላይ፣ ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ደማቅ ኮከብ ሪጅል ነው።

«ከላይ» ወይም «ከታች» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። ኦሪዮን የሰማይን ወገብ ተሻግሮ የተዘረጋ ስለሆነ ከዋልታዎቹ አካባቢ በስተቀር ሰው ከሚኖርበት ምድር ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ አቀማመጡ ግን እንደ ተመልካቹ ቦታ ይለያያል። ወደ ሰሜን ርቆ ለሚኖር ሰው ሪጅል ከቀበቶው በታች በስተቀኝ ይውላል። ወደ ደቡብ ርቆ ለሚኖር ደግሞ ከላይ በስተግራ ይሆናል። በምድር ወገብ አካባቢ ያለ ሰው ኦሪዮን በጎኑ እንደተኛ ከምሥራቅ ሲወጣና አናቱ ላይ ሲያልፍ ይመለከታል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሪጅል ከፍተኛ ቦታው ላይ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። እያንዳንዱ ኮከብ በየሌሊቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ስለሚወጣ፣ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል። በግንቦት መጨረሻ ከፀሐይ ጋር በቀን ሰማይ ላይ ስለሚውል ለመታየት አይመችም።

ስሙ ምን ማለት ነው? ሌላው ስሙስ ለምን «ቤታ ኦሪዮኒስ» ሆነ?

ሪጅል ከዐረብኛ የመጣ ስም ነው፤ እግር ማለት ነው፤ ኦሪዮን የሚመሰልበትን ግዙፍ ሰው እግር ያመለክታል። «ቤታ» የሚለውን የግሪክ ፊደል የሰጠው ጀርመናዊው ዮሐን ባየር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው የሰማይ ካርታ ላይ። አልፋን ለቤቴልጁስ ሰጥቶ ሪጅልን ሁለተኛ ቢያደርገውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደምቀው ሪጅል ነው። ባየር ከዋክብቱን በድምቀት መደብ መደባቸው እንጂ በአንድ መደብ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እየለካ አልደረደራቸውም።

ታዲያ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ምንድን ነው?

ያዩት አየሩን ነው። የኮከብ ብርሃን ዐይናችን ጋ ከመድረሱ በፊት ሙቀታቸው የተለያየ የአየር ንብርብሮችን ሰንጥቆ ያልፋል። በጅረት ውስጥ ያለች ጠጠር ሳትንቀሳቀስ የምትወዛወዝ እንደምትመስለው ሁሉ፣ የኮከቡ ብርሃንም በሚናወጠው አየር ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። ኮከብ ከርቀቱ የተነሣ ለዐይናችን አንዲት ነጥብ ስለሆነ፣ ትንሹ መታጠፍ እንኳ ለቅጽበት ያደምቀዋል ወይም ያደበዝዘዋል። ለአድማስ ሲቀርብ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ስለሚበዛ ጥቅሻው ይብሳል። አየሩ ቀለማቱን እንደ ፕሪዝም ስለሚበትናቸውም አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማያዊ ይፈነጥቃል። ደብዛዛ ከዋክብትም እንዲሁ ይንቀጠቀጣሉ፤ ነገር ግን ብርሃናቸው አነስተኛ ስለሆነ ዐይን ቀለማቸውን አይለይም። ሪጅል ደማቅ ስለሆነ ትርኢቱ በግልጽ ይታይበታል።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። በሴኮንዶች ውስጥ የሚለዋወጠው ሁሉ ከአየር የመጣ ነው። ሪጅል አድማሱን ጥሶ እንደወጣ አንድ ጊዜ ይመልከቱት፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቆይተው፣ ሽቅብ ከወጣ በኋላ፣ እንደገና ይዩት። ያ ሁሉ ሽብር ጋብ ብሎ፣ ጽኑ የሆነ ነጭ ብርሃን ያገኛሉ። ኮከቡ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ምንም አልሆነም፤ የተለወጠው እርስዎና እሱ መካከል ያለው አየር ነው።

የሪጅል የራሱ ለውጥ ታዲያ ምን ያህል ነው?

የከዋክብት ድምቀት የሚነገረው ማግኒቲዩድ በሚባል ደረጃ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይበልጥ የደመቀ ነው፤ የአምስት ደረጃ ልዩነት ማለት በብርሃን መጠን የመቶ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የሪጅል አማካይ 0.13 ሲሆን በ0.05 እና በ0.18 መካከል ይመላለሳል። ወደ መቶኛ ስንመልሰው በደመቀበትና በደበዘዘበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 13 አይበልጥም። ይህም የሚሆነው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው፤ የሰዓት ቆጣሪ ዓይነት ቋሚ ምትም የለውም። አንዱን ወር አይቶ ቀጣዩን በትክክል መተንበይ አይቻልም።

ለውጡ ከምን የመጣ ነው?

ብዙ ሰው ኮከብ ተለዋዋጭ ነው ሲባል መላ አካሉ እንደ ሳንባ የሚያብጥና የሚሟሽሽ ይመስለዋል። እንዲህ የሚሆኑ ከዋክብት አሉ፤ ሴፊድ የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። ሪጅል ግን ከዚያ የተለየ ነው። በእሱ ላይ አንዱ ክፍል ከፍ ሲል ሌላው ክፍል በዚያው ሰዓት ይሰምጣል። ሞገዱ በኮከቡ አካል ላይ ይዞራል፤ ደግሞም አንድ ሞገድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሞገዶች እርስ በርስ ተደራርበው ይጓዛሉ። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ብርሃኑ ከፍ ይላል፤ ሲጣረሱ ይቀንሳል። ከሩቅ ያለነው እኛ ድምሩን ብቻ ስለምናይ ወጥ ያልሆነ መዋዠቅ ይመስለናል። እንዲህ የሚለዋወጡ ልዕለ ግዙፍ ከዋክብት «አልፋ ሲግኒ» በሚባል መደብ ውስጥ ይመደባሉ፤ ስሙ የተወሰደው በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ካለው ደማቅ ኮከብ ከዴኔብ ነው።

ድምሩን መልሶ ወደ ክፍሎቹ መበተን ግን ይቻላል፤ ይህ ለእኔ ከሪጅል ታሪክ ሁሉ የሚበልጥብኝ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳ ያመጠቀቻት ሞስት የምትባል ሳተላይት ነበረች። መጠኗ እንደ አንድ የጉዞ ሻንጣ ነው፤ የተሸከመችው ቴሌስኮፕም 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነበረው። ከአየር በላይ ስለሆነች ጥቅሻ አያስቸግራትም። ይህች ሳተላይት ሪጅልን ለ28 ቀናት ያህል ተከታተለችው። በምድር ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ ብርሃኑን ወደ ቀለማቱ እየበተኑ የገጽታውን ወደ እኛ መምጣትና መራቅ መዘገቡ። ሁለቱ መረጃዎች ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲተነተኑ 19 የተለያዩ ሞገዶች ተለይተው ወጡ፤ አጭሩ በ1.2 ቀን፣ ረጅሙ በ75 ቀን ገደማ አንድ ዙር የሚጨርሱ ናቸው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ የኮከብ ሆድ በቴሌስኮፕ አይታይም። የምናየው ላዩን ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ሞገዶች ግን ከጥልቅ ውስጥ የሚነሡ ናቸው፤ የምድር መንቀጥቀጥ ሞገድ ስለ ምድር እምብርት እንደሚነግረን ሁሉ እነዚህም ስለ ኮከቡ ውስጥ ይነግሩናል። ያቺ ከመቶ 13 የማትበልጥ መዋዠቅ፣ ዐይን ከቁም ነገር የማይቆጥራት፣ ወደ ኮከቡ ሆድ የሚያስገባ ዋነኛው በር ናት።

ለውጡን በዐይኔ ብቻ ላየው እችላለሁ?

በሐቀኝነት ለመመለስ፣ በጣም ያስቸግራል። ልምድ ያለው ተመልካች ኮከቡን ከሌሎች ከዋክብት ጋር እያነጻጸረ ከአንድ ማግኒቲዩድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ልዩነት ሊለይ ይችላል፤ የሪጅል ለውጥ ደግሞ በዚያው ልክ ነው። በዐይን የሚታይ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ወደ ጎረቤቱ ወደ ቤቴልጁስ ይዙር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ቤቴልጁስ እስከ 1.6 ድረስ ሲደበዝዝ መላው ዓለም በዐይኑ አይቶታል።

በካሜራ ግን መሞከር ይቻላል። ጀማሪዎች የሚሠሩት ስሕተት ኮከቡን አጥርተው ማንሣታቸው ነው። ሪጅል ደማቅ ስለሆነ ነጥቡ ላይ ያሉት ፒክስሎች ብርሃን ሞልቶባቸው ይፈሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም መለካት አይቻልም። ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አስቀምጠው ሌንሱን ሆን ብለው ትንሽ ያደብዝዙት፤ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ክብ ይሁን። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሪጅልንና ሲሪየስን በአንድ ፎቶ ያስገባል፤ በሰማይ ላይ ከሁሉ የሚደምቀው ኮከብ ሲሪየስ ብርሃኑ የረጋ ስለሆነ ጥሩ መመዘኛ ነው። በየምሽቱ ብዙ ፎቶ አንሥተው አማካዩን ይውሰዱ፤ ሁለቱም ከፍ ባሉበት በተመሳሳይ አቀማመጥ ያንሡ። አንዱ ለአድማስ ቀርቦ ከሆነ አየሩ የሚውጠው ብርሃን ከሪጅል ለውጥ ይበልጥብዎታል። አንድ ወቅት ሙሉ ካልታገሡ ግን ባይጀምሩት ይሻላል፤ የአምስት ቀን ልኬት ምንም አይናገርም።

ሰማያዊ ነው ትላላችሁ፤ እኔ የማየው ግን ነጭ ነው። ለምን?

ትክክል ያያሉ፤ ቀለሙ ነጭ ሰማያዊ ነው። የኮከብ ቀለም የሙቀቱ ምልክት ነው። የፀሐይ ገጽ 5,770 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የሪጅል 12,000 ይደርሳል። አንድ አካል በጋለ መጠን ከሁሉ አብዝቶ የሚያመነጨው ብርሃን ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይሸጋገራል፤ በሪጅል ላይ ያ ጫፍ ከሰማያዊም አልፎ ዐይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ክልል ውስጥ ነው። ለዐይናችን የሚተርፈው ሁሉም ቀለማት ያሉበት፣ ሰማያዊው ግን ያመዘነበት ድብልቅ ነው፤ ስለዚህ ነጭ ላይ የተነከረ ሰማያዊ ይመስላል።

ቀለሙን አጉልቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አንድ ዘዴ አለ። ባይኖኩላር ይዘው መጀመሪያ ቤቴልጁስን ይመልከቱ፤ ከዚያ የማጥሪያውን ጎማ ትንሽ አዙረው ምስሉን ያደብዝዙት። ብርሃኑ ወደ ትንሽ ሳህን ይሰፋል፤ ፍም የመሰለ ብርቱካናማ ቀለም ይወጣል። ጎማውን ሳይነኩ ወደ ሪጅል ያዙሩት። ያኔ ሰማያዊነቱን ማንም መንገር አያስፈልገውም። ሁለቱን እያፈራረቁ ማየት የአንዱን ቀለም ለሌላው ያጎላዋል።

ምን ያህል ግዙፍና ብሩህ ነው?

ክብደቱ የፀሐይን 20 እጥፍ ገደማ ነው። ስፋቱ ከ70 እጥፍ በላይ ነው፤ በፀሐይ ቦታ ብናስቀምጠው ጠርዙ ሜርኩሪ የምትዞርበት መንገድ አካባቢ ይደርሳል። የሚያመነጨው ብርሃን 120,000 ፀሐዮች የሚሰጡትን ያህል ነው። ይህ ማለት ፀሐይ በአንድ ዓመት ሙሉ የምታፈሰውን ኃይል ሪጅል በአምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያፈሰዋል።

ርቀቱ 860 የብርሃን ዓመት ነው፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። በሰማይ ላይ ከሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ ግን 8.6 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው የሚርቀን፤ ልክ መቶ እጥፍ ይቀርባል። ሪጅልን አምጥተን በሲሪየስ ቦታ ብናኖረው ብርሃኑ አሁን ከምናየው ዐሥር ሺህ እጥፍ ይሆናል፤ ከግማሽ ጨረቃ ብርሃን ጋር ይቀራረባል፤ ያውም አንዲት ነጥብ ውስጥ ተጠቅልሎ።

ለምን በየቦታው የተለያየ ቁጥር አነባለሁ?

ምክንያቱ በዋናነት ርቀቱ ነው። የኮከብ ርቀት የሚለካው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ኮከቡ ከበስተኋላው ካሉት አንጻር ምን ያህል እንደሚንሸራተት በማየት ነው። ሂፓርኮስ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በሰበሰበችው መረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ውጤት 770 የብርሃን ዓመት ገደማ ይል ነበር። ያው መረጃ እንደገና በጥንቃቄ ሲሰላ 860 ሆነ፤ ወደ 80 የብርሃን ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እውነተኛው ብርሃን የሚሰላው ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ኮከቡን ከ770 ወደ 860 ስናርቀው የምናሰላው ብርሃን በአንድ ጊዜ ሩብ ያህል ይጨምራል። ከብርሃኑ ስፋቱ፣ ከስፋቱና ከብርሃኑ ክብደቱና ዕድሜው ስለሚሰሉ አንዱ ሲነቃነቅ ሌላው አብሮ ይነቃነቃል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት ሲለያዩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የትኛውን ርቀት እንደተጠቀሙ ይመልከቱ።

ሪጅል አንድ ኮከብ ነው?

በዐይን አንድ ነው፤ እውነቱ ግን አራት ያህል ከዋክብት ያሉበት ቤተሰብ ነው። ከዋናው ኮከብ 9.5 የቅስት ሴኮንድ (አንዱ የቅስት ሴኮንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ርቆ የሚታይ ሪጅል ቢ የሚባል ባልንጀራ አለው። ድምቀቱ 6.7 ማግኒቲዩድ ስለሆነ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዐይን ሊያየው ትንሽ ብቻ ይቀረው ነበር፤ ከዋናው አጠገብ ግን ከ400 ጊዜ በላይ ይደበዝዛል። ይህ ባልንጀራ ራሱ ሲመረመር በ10 ቀን ገደማ እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ከዋክብትን ይዟል፤ ሦስተኛም ከእነሱ ጋር አለ። ከዋናው የሚለያቸው ክፍተት ቢያንስ ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው 2,000 ጊዜ በላይ ነው።

ሪጅል ቢን ለማየት የሞከርኩባቸው የመጀመሪያ ምሽቶች ሁሉ ባዶ ነበሩ። በትንሽ ቴሌስኮፕ የማየው የሚፈላ የብርሃን ኳስ ብቻ ነበር፤ ችግሩ ሪጅል ገና ዝቅ ብሎ ሳለ መቸኮሌ ነበር። የተሳካልኝ ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም ነው፤ ያን ጊዜ ሪጅል ከፍ ብሎ ነበር፤ የሰማዩ ብርሃን ደግሞ የኮከቡን ማንጸባረቅ አበረደው። መቶ እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ለረጅም ጊዜ ዐይኔን ሳልነቅል ቆየሁ። አየሩ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ሲረጋ ከኳሱ ጎን መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ ብቅ አለ፤ ተመልሶ ጠፋ፤ ደግሞ ብቅ አለ። ለዚህ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ይበቃል። ከቴሌስኮፑ ይልቅ የሚወስነው የአየሩ መርጋት ነው።

ፕላኔቶች አሉት?

የታወቀ የለም። ዕድሜው 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ምድራችን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች።

በፎቶ የማየው ሰማያዊ ጭስ መሳይ ነገር ምንድን ነው?

ከሪጅል 2.5 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ የሚገኝ የአቧራና የጋዝ ደመና ነው፤ ቅርጹ የአሮጊት ጠንቋይ ገጽታ ስለሚመስል «የጠንቋይ ራስ» ኔቡላ ይሉታል። የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሪጅልን ብርሃን ተቀብሎ ነው የሚያንጸባርቀው። አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይበልጥ ስለሚበትን፣ ከሰማያዊ ኮከብ የመጣው ብርሃን ጭራሽ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በዐይን ግን አይሞክሩት፤ ረጅም ጊዜ ብርሃን የሚሰበስብ ካሜራና ጨለማ ሰማይ ይፈልጋል።

ሪጅል ይፈነዳል? መቼ?

ይፈነዳል ተብሎ ይጠበቃል። ከባድ ኮከብ ነዳጁን የሚያቃጥለው በችኮላ ነው። ፀሐይ በሃይድሮጅኗ ዐሥር ቢሊዮን ዓመት ያህል ስትኖር ሪጅል በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በእምብርቱ የነበረውን ጨርሶ አካሉ አብጧል። ላዩን እየተላጠ የሚወጣ የጋዝ ነፋስም አለው፤ በዚህ መንገድ የሚያጣው ክብደት ፀሐይ ከምታጣው በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። በመጨረሻ እምብርቱ ወደ ብረት ሲለወጥ ከዚያ ወዲያ የሚያቃጥለው ነገር አይኖርም። ያን ጊዜ እምብርቱ በራሱ ክብደት ይወድቅና ኮከቡ ሱፐርኖቫ ይሆናል። ይህ ግን በመቶ ሺዎችና በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው እንጂ የእኛ ዘመን ወሬ አይደለም።

ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ሆኖ እያለ ሊፈነዳ ይችላል ወይስ መጀመሪያ እንደ ቤቴልጁስ ይቀላል? ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የሚፈነዱት ቀዮቹ ናቸው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987 ግን ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ፈነዳ። ከ1604 ወዲህ በዐይን የታየ የመጀመሪያው ሱፐርኖቫ ነበር። የድሮ ፎቶዎች ሲገለጡ በቦታው የነበረው ኮከብ ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ሆኖ ተገኘ። ብርሃኑ ከመታየቱ ከሰዓታት በፊትም ከመሬት በታች ያሉ መሣሪያዎች ከወደቀው እምብርት የወጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን መዝግበው ነበር፤ በሦስት ቦታዎች በድምሩ ሃያ አምስት ያህል። ከዚያ ዕለት በኋላ ማንም ሰማያዊ ኮከብ «ገና ነው፤ ቀይ ሳይሆን አይፈነዳም» ብሎ በእርግጠኝነት አይናገርም። የሪጅልን ሆድ በሞገዶቹ ለመረዳት የሚደረገው ጥረት ክብደቱ አንዱ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ቢፈነዳስ ያሰጋናል?

አያሰጋም። ሱፐርኖቫ ለምድር አደገኛ የሚሆነው በጥቂት ዐሥር የብርሃን ዓመታት ውስጥ ከሆነ ነው፤ ሪጅል ከዚያ ብዙ እጥፍ ይርቃል። ለሳምንታት ከግማሽ ጨረቃ ጋር የሚቀራረብ ብርሃን ያለው ነጥብ ይሆናል፤ በቀንም ይታያል። ከዚያ ቀስ እያለ ይከስማል፤ ኦሪዮንም አንድ እግሩን ያጣል።

ምናልባት አሁን ፈንድቶ ቢሆንስ?

ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃን የተነሣው ከ860 ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኮከቡ የሚቀረው ጊዜ በመቶ ሺዎች ከሆነ 860 ዓመት ምንም ማለት አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ብርሃኑ በዚያ ምሽት «የተለየ» ሆኖባቸው ነው። እንደገና አየሩን ይመልከቱ እላለሁ፤ በሰዓታት ውስጥ የተለወጠ ሪጅል አላየንም።

ሰማያዊ ልዕለ ግዙፎች ሁሉ እንዲህ ጸጥተኞች ናቸው?

ብዙዎቹ እንደ ሪጅል ናቸው። በኦሪዮን ቀበቶ መሃል ያለው አልኒላም ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ነው፤ የሚለዋወጠውም በጥቂቱ ነው። ዴኔብም እንዲሁ።

ፒ ሲግኒ የሚባለው ኮከብ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1600 ሆላንዳዊው የካርታ ሠሪ ዊለም ብላው በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ ቀድሞ ኮከብ ባልተመዘገበበት ቦታ፣ ሦስተኛ ደረጃ ድምቀት ያለው ኮከብ አየ። አዲስ ኮከብ ተወለደ ተባለ። ከ26 ዓመት በኋላ ዐይን ሊያየው ወደማይችልበት ወረደ፤ በ1655 እንደገና ደመቀ፤ በ1662 ዳግመኛ ጠፋ። ኮከቡ በሁለቱም ጊዜያት ከላዩ ከፍተኛ ጋዝ ተፍቶ ነበር። እነዚህን «ብሩህ ሰማያዊ ተለዋዋጮች» ይሏቸዋል። ከሪጅል ይበልጥ ብሩህ በመሆናቸው የራሳቸው ብርሃን ግፊት ላዩን ሊይዙት ከሚችሉት በላይ ይገፋዋል።

ዛሬ የፒ ሲግኒ ድምቀት 4.8 ማግኒቲዩድ አካባቢ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከከተማ መብራት ርቆ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በዐይን ይታያል፤ በሲግነስ መስቀል መሃል ካለው ሳድር ከሚባለው ኮከብ አጠገብ ነው። ያገኘ ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር አነጻጽሮ ድምቀቱን በማስታወሻ ይጻፍ፤ በቀጣዩ ዓመትም ይድገመው። እዚህ ኮከብ ላይ የሚመጣ ለውጥ እንደ ሪጅል መሣሪያ የሚጠይቅ አይሆንም።